ጠዋት ጠዋት የሚነሣው ቤት

ባለፈው መከር አንድ ጎረቤቴ ሊያማክረኝ መጣ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ዙሪያ ሰሊጥና ማሽላ የሚያሳርስ ነጋዴ ነው። በአጨዳ ጊዜ እርሻው ላይ የሚያድርበት ተጎታች ቤት ሊገዛ አስቧል። ሁለት ዓይነት ነው አለኝ። አንደኛው ግድግዳውም ጣሪያውም ድርቅ ያለ፣ እንዳለ ከመኪና ኋላ የሚጎተት ሙሉ ቤት ነው። ሌላው መንገድ ላይ እንደ ሣጥን ተጣጥፎ ይሄድና ሲደርሱ ጣሪያው ወደ ላይ ይነሣል፤ ጎኑ ሸራ ነው።

«ሰው የሚወደው የቱን ነው አባባ? እርስዎ ያውቃሉ ብለውኝ ነው» አለኝ።

በሕይወቴ አውቃለሁ እያልኩ የተዋረድኩበት ነገር ብዙ ነው። በቅሎ አውቃለሁ ብዬ ገዝቼ አህያ ሆና ተገኝታለች። ይህን ግን በእርግጥ አውቃለሁ። ሰው የሚወደው ታጣፊውን ነው። እሱን ለማግኘት ሰው ተራ ሲጠብቅ፣ ደረቁ ቤት አጠገቡ ባዶውን ቆሞ ሲውል አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ ስነግረው ግን ነጋዴው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። በሳምንቱ ደረቁን ገዛ። አልፈርድበትም።

ነገሩ የሆነው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። እኔና ባለቤቴ ከመተማ በላይ ካለው ቆላ ወርደን ድንበሩን በእግራችን ተሻገርን። እንደ ተሻገርን እሷን ወባ ጣላት። ስደተኛ ወደ መጠለያው የሚያመላልሰው ሎሪ በጣም ስለተጨናነቀ የሚጭነው መቆም የሚችለውን ብቻ ነበር። «ሂድ፣ ቦታ ያዝ። ነገ ከነገ ወዲያ እደርስብሃለሁ» አለችኝ። በትዳራችን ውስጥ ያለ ክርክር የታዘዝኳት ያን ቀን ብቻ ነው። እውነቱን ልናገርና ሎሪ ላይ መውጣት እወድ ነበር። ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ከላይ ሆኜ እጄን እያወዛወዝኩላት ሄድኩ። እሷ አንድ ግራር ሥር ተኝታ፣ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጥ አድርጋ አየችኝ። የመጨረሻ ያየኋት እንደዚያ ነበር።

ነገ አልመጣችም። ከነገ ወዲያም አልመጣችም። ሎሪ በመጣ ቁጥር ከመጠለያው ጫፍ እየወጣሁ የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ አያለሁ። አንዱ ሲወርድ «ያ ግራር ሥር የነበሩት ሁሉ አልቀዋል» አለኝ። ሌላው «የለም፣ ሰዎች አንሥተው ወስደዋቸዋል» አለ። እኔም ሁለተኛውን ሰው መርጬ አመንኩ። ሦስት ወር ሙሉ አመንኩ።

ሁለቱ ተጎታች ቤቶች የመጡት በዚያ መሐል ነው። ዕርዳታ የሚሰጡት ፈረንጆች አመጧቸው። ጥቁሩ ዋልካ መሬት በድርቁ ተሰነጣጥቆ ሰው እግሩን የሚያስገባበት ስንጥቅ ስለነበረው፣ ጎማቸው እየገባ ከገዳሪፍ እስከ መጠለያው ቀኑን ሙሉ ፈጀባቸው። እኔ ከድርቁ በፊት ለሰሊጥ አጨዳ እየተመላለስኩ ዐረብኛ ቃርሜ ነበር። ከፈረንጆቹ ጋር የመጣችው ነርስም ትንሽ ዐረብኛ ነበራት። የሷ ትንሽና የኔ ትንሽ ሲደመር አንድ አስተርጓሚ ይወጣል ተብሎ ተቀጠርኩ። ጥበቃውም፣ ጠረጋውም፣ ቤት ማንሣቱም የኔ ሆነ።

ነርሷ መጀመሪያ ክሊኒኩን ያደረገችው በደረቁ ቤት ነው። ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ በሩ ይቆለፋል፣ አቧራ አይገባም። እኔም ብሆን እሱን ነበር የምመርጠው። የመጀመሪያዋ ታካሚ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። በሩን ከፈትኩላት። ከበሩ ትይዩ ባለው ቁም ሣጥን ላይ የሰው ቁመት የሚያህል መስታወት ነበር። ሴትዮዋ ደረጃውን ወጥታ ቆም አለችና አንገቷን ዝቅ አድርጋ «እንደምን ዋሉ» አለች። ከዚያ የምትወጣውን ለማሳለፍ ወደ ጎን ጠጋ አለች። ያቺም ጠጋ አለች። ወደ ሌላው ጎን ተመለሰች። ያቺም ተመለሰች።

«ይለፉ እናቴ፤ የእርስዎ ይብሳል» አለቻት።

መልስ ስታጣ ፊቷን ሳታዞር ደረጃውን ወደ ኋላ ወረደች። ለሚጠብቀው ሰው የነገረችው ይህን ብቻ ነው፦ «ውስጥ አንዲት ሴት አለች። ቀድማ ሞታለች፤ ግን ልጅ አዝላለች።»

እኔ ሳቅኩ። መስታወት እኮ ነው ብዬ ለሁሉም አስረዳሁ፤ ከተማ ያየሁት እኔ ብቻ ይመስል። አልሰማ ሲሉኝ «እንግዲያው እዩኝ» ብዬ ራሴ ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ቀጭ ብሎ ተዘጋ፤ የውጪው ድምፅ በሙሉ በአንዴ ጠፋ። ጉንጩ የጎደለ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ የገባ ሽማግሌ አፍጥጦ ወደኔ መጣ። ሠላሳ ዓመት በቅጡ ያልሞላኝ ጎልማሳ ነበርኩ። ከመጠለያው ሰዎች ሁሉ አንድም እንደሱ የከፋ አላየሁም ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጠው ወጣሁ። ሴትዮዋ በጨዋነት በለጠችኝ።

ነርሷ ነገሩ ሲገባት መስታወቱን በነጭ አንሶላ ሸፈነችው። ይሄ ባሰ። «አሁን ደግሞ ገነዟት» ተባለ። ከዚያ በኋላ ደረቁን ቤት የረገጠ የለም።

ስለዚህ ክሊኒኩ ወደ ታጣፊው ዞረ። ታጣፊው ሲታጠፍ ከወገብ የማይበልጥ ሣጥን ነው። በአራት ማዕዘኑ አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚገባ የብረት ቱቦ ቆሞለታል። ከፊት ለፊቱ መዘወሪያ አለ። መዘወሪያውን ሳዞር ጣሪያው፣ ታሞ እንደ ከረመ ሰው በክርኑ ተደግፎ፣ እየተንቋቋ ቀስ ብሎ ቀና ይላል። ሸራው ይዘረጋል። ከጎኑ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስቀምጥ ሰፊ የሸራ ጥላ ይወጠራል። ከቀትር በኋላ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ነፋስ ስለሚነሣ መልሼ አወርደዋለሁ። ሲወርድ ውስጡ የዋለው አየር በሸራው መገጣጠሚያ ረጅም ትንፋሽ ሆኖ ይወጣል። አጠገቡ ቆሜ እሰማዋለሁ። የሰው ትንፋሽ ነው የሚመስለው፤ መጨረሻው ላይ ቁርጥ ይላል።

በመጀመሪያው ጠዋት የጥላውን የመጨረሻ ገመድ አስሬ ቀና ስል ጥላው ሞልቷል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ራሳቸውን ሸፍነው፣ በረድፍ በረድፍ ተቀምጠዋል። ድምፅ የለም። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው እጄን ያዙኝ።

«እግዜር ያጥናህ።»

«አሜን» አልኩ። አፌ ለምዶት ነው። አሜን ማለት አልነበረብኝም።

ነርሷ ብቅ አለች። «ይሄ ሁሉ በሽተኛ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?»

«ድንኳን አይተው።»

እንደምንም አስረዳኋት። በኛ አገር ደጅ ላይ ሸራ ተወጥሮ ወይ ዳስ ተጥሎ ካየህ ሠርግ ነው፣ አለዚያም ለቅሶ። በዚያ ዓመት ሠርግ እንደሌለ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ልጃቸውን፣ እናታቸውን፣ ባላቸውን መንገድ ላይ ትተው የመጡ ናቸው። ድንጋይ ከልለው፣ ሸሚዝ አልብሰው፣ ቆም ሳይሉ አልፈዋል። ዳስ የለ፣ ሦስተኛው ቀን የለ፣ አርባ የለ። እንባው በውስጣቸው ድንኳን ሲጠብቅ ነበር። ድንኳኑ መጣ።

ነርሷ አላባረረቻቸውም። ለለቅሶ የመጣችው እናት ልጇን ታሳያለች፤ ልጇን ልታሳይ የመጣችው ለቅሶ ተቀምጣ ትሄዳለች። ውስጥ ሕፃናት ይመዘናሉ፣ ውጪ ይለቀሳል። የታጣፊው ቤት ዝና ሐምዳይት ድረስ ደርሶ ነበር ይባላል።

ብዙ ሳይቆይ ሥርዓት ተበጀለት። ያበጁት አንዲት የአርማጭሆ አሮጊት ናቸው። ማንም አልሾማቸውም። የማን ተራ እንደሆነ በቃላቸው ይይዛሉ። ቀኑ የአንድ ሙት ነው። ማታ ላይ ይነግሩኛል፦ «ነገ የእገሌ ልጅ ነው፤ ዋልድባ ማዶ የቀረው።» ጠዋት መዘወሪያውን ሳዞር ያ ስም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጣሪያው ቀና ሲል ያ ሰው ቀና የሚል ይመስለኝ ጀመር። ማታ ሲወርድና ትንፋሹ ሲወጣ መልሼ የማስተኛው ይመስለኝ ጀመር። ኀዘንተኛው ከፊት፣ የጥላው ምሰሶ ሥር ይቀመጣል። ስለ ሟቹ ይናገራል፤ ለቀስተኛው በዚያ ላይ ያለቅሳል። እስላሞቹም ተራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አድርገው ይቀመጣሉ። ጎረቤት ነው፣ ለቅሶ ለቅሶ ነው።

አሮጊቷ አንድ ቀን ማታ ወደኔ መጡ።

«ባለ መዘወሪያው፣ ነገ ያንተ ነው።»

«የኔ ሰው አልሞተችም እማማ። መንገድ ላይ ነች።»

«ሁላችንም መንገድ ላይ ነው የተውናቸው፣ ልጄ።»

«ተራዬን ለሌላ ይስጡልኝ።»

አላደረጉትም፤ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ማንም እንዲሰጠኝ የማልፈልገው ነገር ቢኖር ያ ተራ ነበር። እዚያ ምሰሶ ሥር ከተቀመጥኩ ባለቤቴን በገዛ አፌ ገደልኳት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሎሪ ሲመጣ ወደ ጫፉ መውጣት የለም። የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ደግሞ የሚመጣ ሰው ለምን ይመጣል? የስደተኛ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ እኔ ስጠብቃት ብቻ የምትኖር ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ መዘወሪያውን አዞርኩ። ሦስቱ ማዕዘን ተነሡ፤ አራተኛው እምቢ አለ። ጣሪያው አንገቱ ትከሻው ላይ እንደ ወደቀ ሰው ተንጋዶ ቀረ። ሰዎቹ መጥተው አዩት። አንድም ሰው አልተቀመጠም። «ባለ ተራውን ነው የሚጠብቀው» ብለው ተበተኑ።

እኔ ግን አውቃለሁ፤ አቧራ ነው። ከሳምንቱ መጀመሪያ ሦስቱን ቱቦ ግራሶ ቀብቼ አራተኛውን ረስቻለሁ። ረስቻለሁ ነው የምለው። ሆን ብዬ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ ራሴን ስጠይቅ፣ ራሴ መልስ ሳይሰጠኝ ወሬ ይለውጣል።

ሦስት ቀን ታጣፊው ተንጋዶ ቆመ። ነርሷ ደረቁን ቤት ከፍታ ደጁ ላይ ቆማ ሰው ስትለማመጥ ዋለች። ማንም አልገባም። ያቺ መስታወቱን ሰላም ያለችው ሴት ልጇን ኩፍኝ ይዞባት፣ በሁለቱ ቤቶች መሐል ፀሐይ ላይ ቆማ ዋለች። በመጀመሪያው ቀን የልጁ ሳል እስከኔ ይሰማ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠጋ ማለት አስፈለገኝ። በሦስተኛው ቀን ጆሮዬን ወደ ጀርባዋ አስጠግቼ ነው የሰማሁት።

«አስገቢው፤ መስታወቱ ተሸፍኗል» አልኳት።

«አውቃለሁ፤ እሷን ሲገንዙ ልጇን የት አደረጉት?» አለችኝ።

ሄጄ አራተኛውን ቱቦ ግራሶ ቀባሁት። መዘወሪያውን አዞርኩ። አልተንቀሳቀሰም። ሁለት እጄን አድርጌ ተንጠለጠልኩበት። ምንም። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ሄድኩ፤ ጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠው ማሽላ ይለቅማሉ። ቀና ሳይሉ «እህ» አሉኝ።

«ነገ የኔ ይሁን» አልኩ።

በማግስቱ ጣሪያው በአንድ እጅ ተነሣ። ግራሶው ሌሊቱን ሰርጎ ይሆናል። ለሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የምለው።

ልጁ መጀመሪያ ገባ። ነርሷ ስትቀበለው አይቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ምሰሶው ሥር ተቀመጥኩ። ጥላው ሞላ። ያን ቀን ሀቡቡ በጠዋት ተነሣ፤ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ደፈረሰች፤ ሸራው ሥር ያለው ብርሃን እንደ ሸክላ ቀላ። የሰው ፊት አይለይም፤ የተሸፈነ ራስ ብቻ ነው የሚታየው፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ። ልቅሶው ተነሣ። አለቀሱላት፤ አይተዋት የማያውቋት ሰዎች። እኔ እንባ እምቢ አለኝ። ቀልደኛ ነው የሚሉት ሰው በቁም ነገር ቀን እንደዚያ ነው፤ ፊቱ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው።

«ተናገር እንጂ። ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» አሉኝ አሮጊቷ።

«ቁጡ ነበረች» አልኩ። «ከሷ ጋር ተከራክሬ የረታሁበት ቀን የለም።»

አለቀሱ።

«አጭር ነበረች። የጎታውን አፍ ለመክደን ሙቀጫ ገልብጣ እሱ ላይ ትቆም ነበር።»

አለቀሱ። ልቅሶው ጋብ ሲል ከመጨረሻው ረድፍ ቀስ ያለ፣ የደከመ ድምፅ መጣ።

«ሙቀጫ አልነበረም። የምንቀመጥበት ዱካ ነው።»

ሁሉም ሰው ሰማ። አንድም ሰው ዞር አላለም። በለቅሶ ላይ ሙት ቢናገር ዞር ማለት እንደማይገባ ማን እንዳስተማረን አላውቅም፤ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሸራው በነፋሱ ገባ ወጣ ይላል። መጣች አልኩ፤ ገደልከኝ ልትለኝ መጣች። ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ተስማማሁ።

«ዱካ ነው» አልኩ።

«አዎ» አለች። «ሙቀጫ እንኳ አልነበረንም። ከእናትህ ነበር የምንዋሰው።»

አሮጊቷ ተነሡ። በረድፎቹ መሐል እየዳበሱ ወደ ኋላ ሄዱና አንዱን ነጠላ ገለጡ። ባለቤቴ ነበረች። ከሸምበቆ ቀጥናለች፤ ፀጉሯ ተላጭቷል፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ነጠላዋን እንደኛው አዘቅዝቃ ለብሳለች።

ነገሩ ኋላ ተጣራ። ዶካ ከምትባል ከተማ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት ሱዳናዊት እናት ከግራሩ ሥር አንሥተው፣ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳሳቸው ጥላ አስተኝተው ሦስቱን ወር አስታመዋታል። ያን ጠዋት ሎሪ አውርዷታል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫፉ ቀርቻለሁ። እሷ ድንኳን አየች፤ ለቅሶ አይታ ማለፍ ስለማትችል ገብታ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጠች፤ ከሰው ጋር አለቀሰች።

አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። መንካት ፈራኋት።

«መቼ መጣሽ?»

«ለቅሶ ልደርስ ነው የገባሁት» አለች። «የማን ነው ስላቸው የባለ መዘወሪያው ሚስት ናት አሉኝ። አሳዘነችኝ። ባሏም አሳዘነኝ።» ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «ሙቀጫ ስትል ነው አንተ መሆንህን ያወቅኩት። ዘንድሮም ሳታጣራ ታወራለህ» አለች።

አሮጊቷ ማንም እንዳይነካት አደረጉ። ቂጣ አስመጥተው በሰው ሁሉ ፊት አስበሏት። ጉሮሮዋ ሲውጥ ሁሉም አየ። ውኃ ስትጠጣም አዩ። ያኔ ነው እጇን የያዙት፤ እንዲያም ሆኖ አንዳንዶቹ መዳፋቸውን ኋላ ነጠላቸው ላይ ጠረጉ። ነርሷ ወደ ታጣፊው ቤት ወሰደቻትና መዘነቻት። «ምን ሆና ነው ሰው እንዲህ የሆነው?» አለችኝ። «የራሷን ለቅሶ ደርሳ ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። መዝገቡ ላይ የጻፈችው ወባ ብላ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ድንኳኑ እንደ ድሮው አልሆነም። ሰው መምጣቱን አልተወም፤ እንዲያውም በዛ። ግን ኀዘንተኛው ምሰሶው ሥር ከተቀመጠ በኋላ፣ አፉን ሳይከፍት፣ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው ረድፍ ዞሮ ያያል። አንድ በአንድ፣ የተሸፈኑትን ራሶች። ከዚያ ስለ ሟቹ ሲናገር ሆን ብሎ አንድ ነገር ያዛንፋል፤ የጥርሱን ፍንጭት፣ የላሙን ስም። ያዛንፍና ዝም ይላል፤ ድንኳኑም አብሮት ዝም ይላል። እኔ መዘወሪያዬ አጠገብ ቆሜ አያቸዋለሁ። ባለቤቴ ጎጆ ውስጥ ጋደም ብላለች፤ በሕይወት አለች። ያን ዝምታ መቆም አቃተኝና ከመከሩ በፊት ሥራውን ለቅቄ ፋው ወደሚባል አገር ለጥጥ ለቀማ ሄድን። ጥጥ ለቀማ ደግሞ ወገቤ አይችልም። ያንንም አውቃለሁ ብዬ ነበር።

ለነጋዴው ያልኩት ይህን ነው። ሰው ታጣፊውን የሚወደው ስለሚነሣ ነው፤ ደረቁ ቤት አይነሣም።

ባለቤቴ እዚሁ ገዳሪፍ ከኔ ጋር አረጀች። ስትቆጣኝ «ዝም በይ፣ አንቺን ያለቀስኩልሽ ዱሮ ነው፤ የለብኝም» እላት ነበር፤ «እንባ አልወጣህም፣ አይቻለሁ» ትለኝ ነበር። ካቻምና ሞተች። በአልጋዋ ላይ፣ እጇን ይዤ፤ ግራር የለም፣ ሎሪ የለም። ጎረቤቶች ደጁ ላይ ድንኳን አቆሙ። ሰዉ ሞላ። ልጆቼ ከፊት አስቀመጡኝና ስለ እናታችን ተናገር አሉኝ።

«አጭር ነበረች» አልኩ። «የጎታውን አፍ ለመክደን ሙቀጫ ላይ ትቆም ነበር።»

ዝም አልኩ። ትልቋ ልጄ በጆሮዬ «ዱካ አይደል እንዴ የምትለው አባባ?» ልትለኝ ብላ፣ ፊቴን አይታ ተወችው። ሸራው ገባ ወጣ ይላል። ወደ መጨረሻው ረድፍ አልዞርኩም፤ ዞር አይባልም። ምናልባት አልተሰማ ይሆናል ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ሙቀጫ» አልኩ እንደገና።